ወደ ለቅሶ ሲሄድ የማይዝ ፍሬን

«ልጄ፣ እኔ ነኝ ያረጀሁት ወይስ ፍሬኑ?»

አማቴ ናቸው እንዲህ ያሉኝ። ጋራዤ በር ላይ የእድሩን ፒካፕ ከነተሳቢው አቁመው፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፉ፣ በመስኮቱ ብቅ ብለው። እኔ በዚያ ሰዓት የአንድ ሚኒባስ ዲናሞ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ከሾፌሩ ጋር እጨቃጨቃለሁ። መጨቃጨቅ ልማዴ ነው። ነፋስ ስልክ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ከምንሠራ ሰዎች መካከል «እጁ ጥሩ፣ አፉ መጥፎ» የሚባለው እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም አልክድም። አማቴ ፊት ግን አፌ በራሱ ጊዜ ይታሰራል። ሚስቴ ይህን ስለምታውቅ «እናቴን ጋራዥህ ውስጥ ወንበር ሰጥተህ ብታስቀምጣት ደንበኛ ባልሸሸህ ነበር» እያለች ትስቅብኛለች።

ጥያቄው ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊታቸውን አየሁት። ቀልድ አልነበረበትም። ዲናሞውን መሬት አስቀምጬ ተነሳሁ።

አማቴ ዕድሜያቸውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሥራውን ሲጀምሩ ሴት አውቶቡስ ስትነዳ መንገደኛው ቆሞ ያያት ነበር። አንዳንዱ ተሳፋሪ መሪው ላይ ማን እንደተቀመጠ ሲያይ «ቀጣዩን እጠብቃለሁ» ብሎ ይወርድ እንደነበር እየሳቁ ያወሩናል። ጡረታ ሲወጡ ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም። ጠዋት ተነስተው፣ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስረው ሶፋው ጫፍ ላይ እንደ ተረኛ ሾፌር ይቀመጡ ነበር። ከዚያ ሶፋ ያነሳቸው እድሩ ነው።

የጎፋው እድራችን የድሮ ነው። አባላቱ ግን ተበትነዋል፤ ግማሹ ኮንዶሚኒየም ደርሶት፣ ግማሹ ቤቱ ፈርሶበት፣ ሀና ማርያምና ከዚያም ወዲያ ገብቷል። ሰው ቤት ቢለውጥም እድር አይለውጥም። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ሰው ሲሞትበት የሚጠራው የድሮ ጎረቤቱን ነው። ስለዚህ ድንኳኑ፣ አግዳሚውና ብረት ድስቱ እንደ ድሮው በሰው ትከሻ ከግቢ ወደ ግቢ መሻገሩ ቀርቶ አስፋልት ለአስፋልት መጓዝ ጀመረ። እድሩ አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲዘጋ ይህን ፒካፕ ከነተሳቢው ገዛ። «ማን ይንዳው?» ሲባል አማቴ እጃቸውን አወጡ። ክፍያ የለውም። ስልክ ተደውሎ «እገሌ አርፏል» ከተባለ ግን ከዘመድ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ቁልፉ በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ነው የሚውለው። ይህ ሁሉ ወሬ ስለዚያ ቁልፍ ነው።

ቅዳሜ ዕለት የሆነውን እንዲህ ብለው ነገሩኝ። ሀና ማርያም ለተቀመጠ ለቅሶ ሙሉ ዕቃ ጭነው ከጎፋ ይወርዳሉ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲረግጡ ፒካፑ ያዘ፣ ተሳቢው አልያዘም። ከኋላ እየገፋ ወሰዳቸው። ፊት ለፊታቸው ሰው የሞላበት ታክሲ ቆሟል። ማርሹን ወደ ታች ቀንሰው፣ መሪውን ወደ ቀኝ አጥፈው፣ አንድ ጅምር ሕንፃ ፊት የተከመረ አሸዋ ውስጥ ሰኩት። ማንም አልተጎዳም። አግዳሚዎቹ አስፋልቱ ላይ ተዘረገፉ፣ ትልቁ ብረት ድስትም እየተንከባለለ ቁልቁል ወረደና ሰፈሩ በሙሉ አሳዶ ያዘው።

ለቅሶው ላይ ማንም ምንም አላለም። በማግስቱ ግን የእድሩ ዳኛ ቤታቸው ድረስ መጡ። ዳኛው ክፉ ሰው አይደሉም፤ እሳቸውም ጡረተኛ ናቸው፣ ቃላቸውን መዝነው የሚናገሩ። «እትዬ፣ ዕድሜ ነው። እግር እንደ ድሮው አይታዘዝም። ሰው ላይ ሳይደርስ ይብቃዎት» አሏቸው። አማቴ «ፍሬኑ አልያዘም» አሉ። ዳኛው «እንግዲያው ባለሙያ ይየው፤ የሚቀጥለው እሁድ ስብሰባ ላይ ውጤቱን ይንገሩን፣ ደህና ከሆነ ቁልፉን ያስረክባሉ» ብለው ሄዱ። ባለሙያው እኔ መሆኔ ነው።

እዚህ አገር ተሳቢ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው በአየር የሚይዘውን የከባድ መኪና ፍሬን ነው። የዚህ ፍሬን በኤሌክትሪክ ነው። መሪው ሥር አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ፔዳሉ ሲረገጥ ከሳጥኗ የተነሳ ኤሌክትሪክ በሶኬት አልፎ ወደ ተሳቢው ጎማዎች ይሄዳል፤ እዚያ ከጎማው ጋር በሚዞረው ታምቡር ውስጥ ያለው ማግኔት ይነቃና የፍሬኑን ሸራ ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። ሳጥኗ ላይ ተሳቢው መገናኘቱን የምትናገር አረንጓዴ መብራት አለች። ጎኗ ላይ ደግሞ በጣት የምትገፋ ማንሻ አለች፤ እሷ ስትገፋ ፒካፑ ሳይነካ ተሳቢው ብቻ ይይዛል። ይህን የማውቀው ከካምፑ ተገዝቶ በመጣ ጊዜ ፈታትቼ ስላየሁት ነው።

ተሳቢውን በክሪክ አነሳሁት። ጎማውን በእጄ አሽከርክሬ «ይርገጡ!» አልኩ። ረገጡ። ጎማው ቀጥ አለ። ሌላውንም አሽከረከርኩ፤ እሱም ቀጥ። ታምቡሩን ፈታሁ። ሸራው ገና ነው፣ ማግኔቱ ጤነኛ ነው፣ ሽቦው አልተላጠም። የሙከራ አምፖሌን ይዤ ከሳጥኗ እስከ ሶኬቱ በየቦታው ነካካሁ። በየቦታው በራ። ላቤ ጠብ እስኪል ድረስ ጥፋት ፈለግሁ፤ አጣሁ።

እንዲህ ዓይነቱ ብልሽት ጠላቴ ነው። የተቃጠለ ነገር ራሱን ይናገራል፤ ይሸታል፣ ይጠቁራል። ጋራዥ ሲገባ ጨዋ የሚሆን፣ ከጋራዥ ሲወጣ የሚያብድ ብልሽት ግን እንደ ዱርዬ ልጅ ነው፤ አባቱ ፊት አንገቱን ይደፋል። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ «ፍሬንህ ደህና ነው፣ አነዳድህን አስተካክል» ብዬ አባርረው ነበር።

«ይይዛል፣ እማማ» አልኳቸው በመጨረሻ።

«ደህና ነው ማለት ነው?»

«አሁን ባየሁት ደህና ነው።»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው እኔ ነኝ» አሉ፣ የዝናብ ወሬ እንደሚያወራ ሰው። እጃቸው ግን አንገታቸው ላይ ወዳለው ክር ሄደ።

ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ሽቦ ተበጥሶ አገኘሁ እላቸዋለሁ። ማን ያረጋግጣል? ተሳቢው ሥር ገብቶ የሚያይ የለም» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ታክሲው ውስጥ ያሉትን ሰዎች አይቻቸዋለሁ» አሉኝ። «አንዷ ሕፃን አቅፋ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። እግሬ ደክሞ ከሆነ አንተ ስትዋሽልኝ አይበረታም። ፍሬኑ ደህና ከሆነ ደህና ነው በል። ቁልፉን እኔው ራሴ አስረክባለሁ። ደግሞ ሳትጨርስ አትወስን፤ ነገ ዕቃ ጭነን እንሞክረው።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ሳልሸፋፍን ልናገረው፤ ቀናሁባቸው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጥፋቱ የሌላ መሆኑን ለማስረዳት ስጮህ የኖርኩ ሰው ነኝ። እሳቸው ደግሞ ጥፋቱ የራሳቸው ቢሆን እንኳ ማወቅ ይፈልጋሉ፣ ያውም የሚወዱት ነገር ሊወሰድባቸው ሲል። ይህን ልብ ከየት እንዳመጡት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በማግስቱ ድንኳኑንም አግዳሚውንም ጫንና ያንኑ ቁልቁለት ወረድን። እኔ ጎናቸው ተቀምጬ እግራቸውን ነው የማየው። እግራቸው ሰዓቱን ጠብቆ ይረግጣል፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይለቃል። ተሳቢው እየተንኳኳ ይከተላል፤ ሲረገጥ ይይዛል፣ ሲለቀቅ ይለቃል። የሚያነሳው ጫጫታ ግን ጆሮ ይበጥሳል። መጎተቻው ከፒካፑ ኋላ ባለችው የብረት ኳስ ላይ በትንሹ ሰፋ ስላለ በየጉድጓዱ ይጋጫል፤ ሰንሰለቱም ያጅበዋል። ታች ደርሰን ዞረን ስንመለስ እኔ ተስፋ ቆርጫለሁ።

አማቴ ወደ መሪው ሥር በአገጫቸው እያመለከቱ «ዛሬም በርታለች» አሉ።

«ማን?»

«ይህቺ መብራት ናት። ለቅሶ ስንሄድ ትጠፋለች፣ ስንመለስ ትበራለች። እኔማ ከሀዘንተኛ ጋር የምታዝን ናት እያልኩ ነው የምስቀው።»

ጩኸቴን ዋጥኩት። «እማማ፣ ይህን እስካሁን ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ? ከመጣን ጀምሮ የምታየው እግሬን ነው።»

«ለመሆኑ ወደ ለቅሶ ሲሄዱ ተሳቢው ይገፋዎታል?»

«ይገፋኛል እንጂ። ሜዳው ላይ ግን በማርሽ እይዘዋለሁ። ጭነት ስለሚበዛ ነው እያልኩ ነበር። በዚህ ቁልቁለት ሙሉ ዕቃ ይዤ የወረድኩት ግን ቅዳሜ ብቻ ነው።»

መኪናውን ዳር አስይዣቸው ታኮውን ከጎማው ሥር ሸጎጥኩ። ከዚያ እንደ ሐኪም ፊት ለፊታቸው ቆሜ ጠየቅኋቸው፦ «ወደ ለቅሶ ሲሄዱ የሚያደርጉት፣ ሲመለሱ የማያደርጉት ምንድን ነው? ሁሉንም ይንገሩኝ፣ የማይረባውንም ጭምር።»

አሰቡ። ጥቁር ነጠላቸውን ይለብሳሉ። ሬዲዮኑን ይዘጋሉ። አባታችን ሆይ ይደግማሉ። «ኳሷንም አለብሳታለሁ» አሉ።

«ምን ያለብሷታል?»

ከወንበራቸው ሥር አንድ ከረጢት ሳቡ። ውስጡ በመቀስ ክብ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ የድሮ ከመነዳሪ ነበር፤ የጎማ ውስጥ ላስቲክ። ከሱ ጋር የተቀደደ ቱቦና ያረጀ ብርድ ልብስ ቁራጭ አለ። ላስቲኩን ኳሷ ላይ አልብሰው መጎተቻውን በላዩ ይዘጉታል። ቱቦውን ለሰንሰለቱ ያጠልቁለታል፣ መንጠቆዎቹን በጨርቁ ይጠቀልሏቸዋል። ሁሉም ዝም ይላል። ላስቲኩ እስኪደርሱ ይሳሳል፤ ስለዚህ ዕቃ ሲያራግፉ አውልቀው ይጥሉታል፣ ሲመለሱ ቢንኳኳም ማንን ይረብሻል።

«ማን አስተማረዎት?» አልኩ።

«ማንም። አንድ ለቅሶ ላይ ይህ ነገር እየተንኳኳ በር ላይ ስደርስ፣ ልጇ የሞተባት እናት ስታለቅስ አድራ ገና ሸለብ እንዳደረጋት ነበር። በድንጋጤ ተነስታ መርዶውን እንደ አዲስ የሰማች ያህል ጮኸች። ዳኛው ያን ቀን ለብቻዬ ጠርተው 'እትዬ፣ ለቅሶ ቤት እንደ ምናለሽ ተራ ቁራጭ ብረት እየተንኳኳ አይመጣም' አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያቺ ሴት ጩኸቷ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።»

መጎተቻውን አላቀቅሁ። ላስቲኩን አለበስኩ፣ ሰንሰለቱንም እሳቸው እንደሚያደርጉት ጠቀለልኩ፣ ሶኬቱን ሰካሁ። ወደ ውስጥ አየሁ። አረንጓዴዋ መብራት ጠፍታለች። ተሳቢውን በክሪክ አነሳሁና ጎማውን አሽከረከርኩት። «ይርገጡ» አልኩ። ረገጡ። ጎማው እንደ ልቡ ይዞራል።

መጀመሪያ ሳቅሁ። እንደ ሞኝ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ነገሩ ቀላል ነበር። ኤሌክትሪክ መሄጃ ብቻ አይበቃውም፤ ዞሮ ወደ ባትሪው የሚመለስበትም ይፈልጋል። መመለሻ ካጣ ጭራሽ አይነሳም። የተሳቢው መመለሻ ሶኬቱ ውስጥ ያለው የኔጋቲቭ ሽቦ መሆን ነበረበት። ሶኬቱን ስከፍተው ያ ሽቦ ከሥሩ በስብሶ ተበጥሷል፤ ምናልባት ገና ካምፑ ውስጥ እያለ። ኤሌክትሪኩ ግን ሌላ መንገድ አግኝቶ ኖሯል፦ በተሳቢው ብረት፣ በመጎተቻው፣ በኳሷ በኩል ወደ ፒካፑ። ብረት ከብረት እየተጋጨ የሚንኳኳበት ቦታ ማለት ፍሬኑ የሚመለስበት መንገድ ነበር። አማቴ ጫጫታውን ዝም ሲያሰኙ ፍሬኑንም አብረው ዝም አሰኙት። እኔም በአምፖሌ ስፈትሽ ላስቲኩ ስላልነበረ ሁሉም ቦታ በራልኝ።

ቀና ስል አማቴ አይስቁም።

«እንግዲህ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«ሽቦው ነው እንጂ! ሽቦው እኮ ድሮውንም ተበጥሷል። ውሸት አይደለም አሁን፤ ተበጥሶ አገኘሁ ብዬ ብናገር እውነት ነው። እግርዎም ዓይንዎም ነጻ ወጣ።»

«ላስቲኩንስ?»

«ላስቲኩን ማንም አልጠየቀን።»

ከረጢቱን አጣጥፈው ወንበራቸው ላይ አስቀመጡ። «አውቶቡስ ስነዳ» አሉኝ፣ «ሰዉ ሁሉ ከጀርባዬ ነው። እጄም እግሬም ምን እንደሚሠራ አያይም። አምኖኝ እንቅልፉን ይተኛል። ግማሹን ነግሬ ግማሹን ብደብቅ፣ እኔ እንጂ እነሱ ምን ያውቃሉ?»

ከእሳቸው ጋር መከራከር ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ሥራዬን ሠራሁ። ወፍራም አዲስ ሽቦ ከሶኬቱ ወደ ተሳቢው ብረት ዘረጋሁ። የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ልጬ ነጭ እስኪሆን አበራሁት፣ በብሎን አጠበቅሁ፣ ዝገት እንዳይበላው ግራሶ ቀባሁት። ላስቲኩ ኳሷ ላይ እንዳለ መብራቷ በራች፣ ጎማው ያዘ። አማቴ ግን ያን ቁልቁለት መልሰው ካልወረዱት አላመኑም። ወረዱት፤ ያዘ። ከዚያም ቤታቸው ሲደርሱ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። እስከ እሁድ ድረስ አንገታቸው ላይ አላየሁትም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የእድሩ አዳራሽ ሞላ። ወሬ ቀድሞ ደርሷል፤ የሸሸው ድስት ታሪክ ብቻውን ሰው ይሰበስባል። አማቴ ተነስተው ቁልፉን ዳኛው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ቆመው ተናገሩ። ሽቦው ተበጥሶ እንደነበር ተናገሩ። ላስቲኩንም ተናገሩ፣ አንድም ነገር ሳያስቀሩ። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ነው ነገሩ» አሉ። «ፍሬኑን ያጠፋሁት በገዛ እጄ ነው። አማቼ አሁን አስተካክሎታል። ከእንግዲህ ማን እንደሚነዳው እናንተ ወስኑ።»

አንዱ ከኋላ «ለመሆኑ ላስቲኩ ምን ያደርጋል? ማን ያድርጉ አለዎት?» ብሎ ጠየቀ።

እኔ ዳኛውን አየሁ። ዳኛው ጠረጴዛውን ያያሉ። አማቴም ዳኛውን ሳያዩ «ማንም አላለኝ። ለቅሶ ቤት በጫጫታ መድረስ ስላልወደድኩ ነው» አሉና ተቀመጡ።

አፌን ልከፍት ነበር። ሙሉውን ልዘረግፈው፣ የምናለሽ ተራውን ነገር ጭምር። አማቴ ጎኔ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉ። ያው፣ አፌ ታሰረ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ነኝ ያልኳቸው» አሉ። «ላስቲክ ያድርጉ አላልኩም። ግን ጫጫታ አይሁን ያልኳቸው እኔ ነኝ። እንዴት ዝም እንደሚያሰኙት አልጠየቅሁም፤ ዝም ሲል ደስ አለኝና ረሳሁት። አሁን ደግሞ ዕድሜ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ።» ያደነቅሁት አማቴን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ዳኛውንም አደነቅሁ፣ ሳልወድ።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። የጠየቀው ሰው «ይህ ሁሉ ጥሩ፤ ግን ሰው የሚያልቅበት ጉዳይ ነው፣ ወጣት ሾፌር ይፈለግ» አለ፤ ጥቂቶችም ተስማሙ። ክፋት አይደለም፤ ቁልቁለቱ የሚወርደው በልጆቻቸው ደጃፍ ነው። ዳኛው ቁልፉን አንስተው በእጃቸው ያዙት። «የሚቀጥለውን ለቅሶ እሳቸው ይንዱ፣ እኔ ጎናቸው ተቀምጬ እሄዳለሁ» አሉ። «በሰላም ከደረስኩ ቁልፉ የእሳቸው ነው። ካልደረስኩ ድንኳኑ እንደሆነ አብሮኝ አለ።» ሰው ሳቀ። አማቴ አልሳቁም፤ ቁልፉም በዳኛው ኪስ ገባ።

የሚቀጥለው ለቅሶ ብዙ አላስጠበቀንም። ሀና ማርያም የምትኖር የድሮ ጎረቤታችን ባሏ ሌሊት አረፈ። ጎህ ሲቀድ ጭነን ተነሳን፤ አማቴ መሪው ላይ፣ ዳኛው ቁልፉን ሰጥተዋቸው በር በኩል፣ እኔ መሐል ተጣብቄ። አማቴ ጥቁር ነጠላቸውን ለብሰዋል፣ ሬዲዮኑን ዘግተዋል። ከመነሳታችን በፊት ወደ እኔ ዞር ብለው «ላልብሳት?» አሉ።

ሽቦውን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ብሎኑን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። ያም ሆኖ ወዲያው «ያልብሷት» ለማለት ልቤ ፈራ። ከኋላ ዞሬ ብሎኑን እንደገና በመፍቻ ነካሁት፣ ሶኬቱን አየሁ፣ ተመልሼ «ያልብሷት» አልኩ።

ጎፋን ለቀን ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስንደርስ ዳኛው የበሩን እጀታ ጨበጡ። ከታች ታክሲዎች ተሰልፈዋል፣ ሰው ለሥራ ይሮጣል። አረንጓዴዋ መብራት በርታለች። አማቴ ፍጥነት ቀነሱና እግራቸውን ከፔዳሉ ላይ ጭራሽ አነሱት። ፒካፑ መንደርደር ጀመረ። ዳኛው «እትዬ!» አሉ። አማቴ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ በጣታቸው የሳጥኗን ማንሻ ገፉ። ያኔ አንድ ከባድ ነገር ከኋላ እጁን ዘርግቶ ወገባችንን የያዘ ያህል ተሰማን። ፒካፑ ምንም ሳይይዝ፣ ተሳቢው ብቻውን ሁለቱንም ቀስ አድርጎ ቁልቁለቱ መሐል አቆማቸው።

«ዳኛ፣ ያዘ ወይስ አልያዘም?» አሉ አማቴ።

«ያዘ» አሉ ዳኛው። እጀታውን ለቀቁት። እኔም ትንፋሼን።

ሰፈሩ ውስጥ ስንገባ የሚሰማው የጎማ ድምፅ ብቻ ነው። በሩ ላይ አቆሙ። ዳኛው ወርደው፣ እኔ እስክወርድ እንኳ ሳይጠብቁ፣ ታኮውን ራሳቸው አንስተው ጎንበስ ብለው ከተሳቢው ጎማ ሥር አስገቡ። ሲነሱ ቁልፉን ይመልሱ አላሉም፤ መኪናው ላይ እንደተሰካ፣ አማቴ ጋ፣ ተዉት። ድንኳኑን በሹክሹክታ ማቆም ጀመርን።

ምሰሶዎቹ ቆመው ሸራው እየተወጠረ ሳለ ሀዘንተኛዋ ነጠላዋን እያስተካከለች ከቤት ብቅ አለች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፣ ፊቷ ላይ የትራስ መስመር አለ። ድንኳኑን አየች፣ አግዳሚዎቹን አየች፣ አማቴን አየች።

«መቼ መጣችሁ?» አለች።